ቀስ ተብሎ የሚጠጣ ቢራ

ብርቱው ጥቁር የቤልጂየም ቢራ አብዛኛውን ጊዜ በ33 ሳንቲሊትር ጠርሙስ የሚቀርብ፣ ቀለሙ ከጠይም ቀይ እስከ ጥቁር ቡናማ የሚደርስ፣ የአልኮል መጠኑ ከመቶ 8 ተነሥቶ 11ን የሚያልፍ፣ ከታሸገ በኋላም በጠርሙሱ ውስጥ ሥራውን ያላቆመ መጠጥ ነው። ቢራ መባሉ አያጠያይቅም፤ ከብቅል ተጠምቋል፣ ሆፕ ገብቶበታል፣ በእርሾ ፈልቷል። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ቢራ ማለት ከበረዶ የወጣ፣ ጥም የሚቆርጥ፣ በሳጥን ቀርቦ በጨዋታ መሀል ሳይታወቅ የሚያልቅ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ መጠጥ ሦስት ጊዜ ይቀየማል። ጥም አይቆርጥም፤ በረዶ አይወድም፤ በሳጥን ከቀረበ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው ጠጪው ነው።

ነገሩ በሂሳብ ሲታይ ይቀላል። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚጠጡት ቢራዎች ላገር ናቸው፤ አልኮላቸውም ከመቶ 5 አካባቢ ነው። ከአንድ ጠርሙስ 16 ሚሊሊትር ገደማ ንጹህ አልኮል ወደ ሆድ ይወርዳል። የሮሽፎር ገዳም 10 ቁጥር ብሎ የሚሸጠው ጥቁር ቢራ ግን ከመቶ 11.3 ነው፤ ያው መጠን ያለው ጠርሙስ 37 ሚሊሊትር ይዟል። ስለዚህ አንዷን የጨረሰ ሰው ሁለት ላገር ጠጥቶ ሦስተኛውን ጀምሯል ማለት ነው። ማታ ቤቱ ሲገባ «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ቢል በቁጥሩ አልዋሸም፤ ሚስቱ ባታምነውም በሂሳቡ አልተሳሳተችም።

ይህን ቢራ ለዓለም ያስተዋወቁት መነኮሳት ናቸው። ትራፒስት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ስማቸውን የወሰዱት ኖርማንዲ ውስጥ ካለው ከላ ትራፕ ገዳም ነው፤ በዚያ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1664 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አበምኔቱ አባ ራንሴ የላላውን ሥርዓት መልሰው አጠበቁት። የፈረንሳይ አብዮት መነኮሳቱን ሲያሳድድ ከፊሎቹ ወደ ሰሜን ሸሽተው በ1794 አንትወርፐን አቅራቢያ ቬስትማለ ላይ ሰፈሩ፤ በ1836 ደግሞ ቢራ ጠመቁ። የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኩሴ በእጁ ሥራ እንዲኖር ያዛል። ስለ መጠጥም አንድ ምዕራፍ አለው። ሐሳቡ ሲጠቃለል፣ ወይን ለመነኩሴ ባይሆን ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑን መነኮሳት ይህን ማሳመን ስላልተቻለ ቢያንስ እስከ ጥጋብ አይጠጡ የሚል ነው። ይህ የተጻፈው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መጠጥ ከወጡት ደንቦች ብዙዎቹ ሰውን ይህን ያህል አላወቁትም።

ዝክሩንና ማኅበሩን ያለ ጠላ የማያስበውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቆብና ጋን በአንድ ቤት መገኘታቸው አያስደንቀውም። ሊያስደንቀው የሚገባው መነኮሳቱ ራሳቸው የሚጠጡት ነገር ነው። ቬስትማለ ለገበያ ከመቶ 7 የሆነውን ጥቁር «ዱብል» እና ከመቶ 9.5 የሆነውን ወርቃማ «ትሪፕል» ይጠምቃል፤ ለገዳሙ ማዕድ ግን 4.8 የሆነ «ኤክስትራ» የሚባል ቀላል ቢራ አለ። የሺሜ ገዳም ከመቶ 9 የሆነውን ባለ ሰማያዊ ምልክት ጥቁር ቢራ ወደ ዓለም ይልካል፤ ለቤቱ ያሰበው 4.8 የሆነውን ነው። የኦርቫል መነኮሳት ደግሞ 3.5 በሆነ ቀጭን ቢራ ይረካሉ። ብርቱውን ቢራ ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች በየቀኑ እንደማይጠጡት ከዚህ ይታያል። በየቀኑ መጠጣት የጀመሩት ገዢዎቹ ናቸው።

ቢራው ይህን ያህል የበረታው ግን በገዳም ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ሥራ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ድርሻ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤልጂየም የፍትሕ ሚኒስትር የነበሩት ሶሻሊስቱ ኤሚል ቫንደርቬልደ ሠራተኛው ሕዝብ በጂን ሲጠፋ አይተው በ1919 ሕግ አወጡ። በሕጉ መሠረት ቡና ቤቶች ጠንካራ አረቄ እንዳይሸጡ ተከለከለ፤ ከመደብር የሚገዛም ቢያንስ ሁለት ሊትር መግዛት ነበረበት። ስሌቱ ሁለት ሊትር አረቄ የመግዛት አቅም ያለው ሠራተኛ የለም የሚል ነበር። ሠራተኛውም አረቄውን ተወ፤ ሙቀቱን ግን አልተወም። ጠማቂዎች ይህን ተረድተው ቢራቸውን እያጠነከሩ ሄዱ። ቬስትማለ ዱብሉን በ1926 አሻሽሎ አከበደው፤ ትሪፕሉ በ1934 መጣ። ሕጉ እስከ 1980ዎቹ ቆይቶ ሲሻር፣ ከመቶ 9 የሆነ ቢራ የአገሪቱ ኩራት ሆኖ አገኘው። ስካርን ለመዋጋት ከወጡ ሕጎች ይህን ያህል ጣዕም ያለው ውጤት ያስገኘ ሌላ መጥቀስ ያስቸግራል።

የሺሜ ታሪክ ደግሞ የሳይንስ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የገዳሙ ጠማቂ አባ ቴዎዶር ከሉቨን ዩኒቨርሲቲው የጠመቃ ምሁር ከዣን ደ ክሌርክ ጋር ሆነው የገዳሙን እርሾ ከሌሎች ተሕዋስያን ለይተው አወጡ። ባለ ሰማያዊ ምልክቱ ጥቁር ቢራ መጀመሪያ የገና ቢራ ነበር፤ በዓመት አንዴ፣ ለበዓሉ ብቻ። ሰው ስለወደደው ቆይቶ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ሆነ። ፕሮፌሰሩ ሲሞቱ የተቀበሩት እዚያው ገዳም ነው። ለአማካሪ ከዚህ የበለጠ ውለታ የከፈለ ድርጅት አልተሰማም።

ስሙ ሲገን አስመሳይ መብዛቱ አልቀረም። ካህን የሚመስል ሽማግሌ በምልክቱ ላይ ሥሎ ቢራውን ትራፒስት ያለ ነጋዴ ሲበረክት መነኮሳቱ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1962 ጌንት ላይ ስሙ የእነርሱ እንደሆነ ተፈረደላቸው። በ1997 ደግሞ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቁመው ባለ ስድስት ጎን ማኅተም አወጡ። ማኅተሙን የሚያገኘው ቢራ በገዳሙ ቅጥር ውስጥ የተጠመቀ፣ በመነኮሳት ቁጥጥር ሥር ያለ፣ ትርፉም ለገዳሙ መተዳደሪያና ለምጽዋት የሚውል መሆን አለበት። ያለዚህ ማኅተም የገዳም ስም ይዘው የሚሸጡት «የአቤይ ቢራ» ይባላሉ። ከእነርሱም መሀል ጥሩ አለ፤ መነኩሴው ግን ሥዕል ብቻ ነው። ዝምታን ይወዳሉ የተባሉት ትራፒስቶች ለመብታቸው ሲሆን በደንብ ይናገራሉ። የሮሽፎር ገዳም ቢራውን የሚጠምቅበትን ምንጭ የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ካባ እንዳይነካበት ዓመታት ተከራክሮ በ2021 አሸንፏል።

የቤልጂየም የቢራ ባህል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው በ2016 መጨረሻ ነው። ውሳኔው የተላለፈበት ጉባኤ የተቀመጠው አዲስ አበባ ነበር፤ የገዳ ሥርዓትም የተመዘገበው በዚያው ጉባኤ ነው። የከተማዋ ግሮሰሪዎች በዚያ ምሽትም ጃምቦ ድራፍታቸውን መቅዳት አላቋረጡም።

ከሁሉም በላይ ወሬ የበዛበት የቬስትፍሌተረን 12 ቁጥር ነው። በምዕራብ ፍላንደርስ የሚገኘው የሲንት ሲክስተስ ገዳም ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይጠምቃል። መነኮሳቱ የሚጠምቁት ለመኖር የሚያስፈልጋቸውን ያህል ነው፤ ገበያው ቢለምንም አይጨምሩም። በ2005 አንድ የቢራ ወዳጆች ድረ ገጽ ከዓለም አንደኛ ነው ብሎ ሲመርጠው በገዳሙ በር የመኪና ሰልፍ ተፈጠረ። ሌላ ድርጅት ቢሆን ሁለተኛ ፋብሪካ ይከፍት ነበር። ገዳሙ የከፈተው የስልክ መስመር ነው፤ መስመሩም አብዛኛውን ጊዜ ተይዞ ይገኝ ነበር። ያገኘው ሰው የመኪናውን ታርጋ ያስመዘግብ ነበር፤ የተፈቀደለትን ጥቂት ሳጥን በተባለው ሰዓት መጥቶ ይወስድ ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜም ድጋሚ ማዘዝ አይችልም ነበር። መልሶ ላይሸጥም ቃል ይገባ ነበር። ከ2019 ወዲህ ስልኩ በኢንተርኔት ተተክቷል፤ ወረፋው ግን አልቀረም። ጠርሙሱ ላይ ለረጅም ዘመን ወረቀት አይለጠፍበትም ነበር፤ ማንነቱ የሚታወቀው በቆርኪው ነበር፤ ቢጫ ከሆነ 12 ቁጥር ነው። በ2018 አንድ የሆላንድ ሱፐርማርኬት ከገዳሙ ሳይሆን ከሌላ እጅ አግኝቶ አንዱን ጠርሙስ በ10 ዩሮ ገደማ ሲቸበችብ መነኮሳቱ ተቃወሙ፤ በገዳሙ በር ዋጋው 2 ዩሮ ያህል ነበር። ዋጋው በመናሩ የተቆጣ ሻጭ በንግድ ታሪክ ብርቅ ነው።

ሰልፉን የማይችል ሰው መድኃኒት አለው። ቫቱ በምትባለው ጎረቤት መንደር ያለው ሲንት በርናርዱስ ጠመቃ ከ1946 እስከ 1992 የገዳሙን ቢራ በፈቃድ ሲጠምቅ ኖሯል። ፈቃዱ ሲያበቃ ስሙን ለወጠ፤ ሙያው ግን እጁ ላይ ቀረ። «አብት 12» ብሎ የሚሸጠው ከመቶ 10 የሆነ ጥቁር ቢራ በብዙ አገር መደብር ይገኛል። ሁለቱን ቢራዎች ዐይኑን ታስሮ ቀምሶ የሚለይ ሰው አለ ይባላል፤ ዐይኑ ተፈትቶ የሚለየው ግን በእርግጥ ይበዛል። በአሜሪካም በዚሁ ስልት የሚጠምቁ አሉ፤ ሜይን ግዛት ያለው አላጋሽ ከ1995፣ ኒውዮርክ ግዛት ያለው ኦሜጋንግ ከ1997 ጀምሮ። ማሳቹሴትስ ስፔንሰር ያሉ ትራፒስቶችም የራሳቸውን ጀምረው ነበር፤ በ2022 ተዉት። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ የመጠጥ መደብር መደርደሪያ ሲያስስ ከጠርሙሶቹ መሀል ቀሚስ የለበሰ መነኩሴ ፈገግ ሲልበት ቢያይ እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ነው።

በቁጥሮቹ የሚሳሳት ብዙ ነው። 6፣ 8፣ 10፣ 12 የሚሉት የአልኮል መጠን አይደሉም፤ የብቅሉ ጭማቂ ከመፍላቱ በፊት ምን ያህል ስኳር እንደያዘ ይለኩበት ከነበረ የድሮ የቤልጂየም መለኪያ የቀሩ ናቸው። መለኪያው ተሽሯል፤ ቁጥሩ ቆርኪው ላይ ቀርቷል። የሮሽፎር 6 ቁጥር 7.5፣ 8 ቁጥሩ 9.2፣ 10 ቁጥሩ 11.3 ነው፤ የቬስትፍሌተረን 12 ግን 10.2 ነው። ስለዚህ አሥሩ ከአሥራ ሁለቱ ይበልጣል። ይህን ለማስረዳት የሚመቸው ሰዓት ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ነው፤ በኋላ የሰሚውም የተናጋሪውም ትዕግሥት ይቀንሳል።

ጠላ የሚጠምቅ ሰው ጥቁረቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ አሻሮው ሲቆላ፣ ደረቆቱ ሲጠቁር ቀለሙ ይገባል። የቤልጂየሙ መንገድ ከዚህ ይለያል። ብቅሉ በአብዛኛው ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁረቱና የዘቢብ መዓዛው ከፍ ባለ መጠን የሚመጡት ካንዲ ከሚባል ጥቁር የስኳር ሽሮፕ ነው። ሽሮፑ የሚሠራው የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው ከሹገር ቢት ነው፤ ስኳሩ በእሳት እየነደደ ይጠቁራል። እርሾው ከዚህ ስኳር አብዛኛውን ስለሚበላው አልኮሉ ይጨምራል፤ ቢራው ግን አይወፍርም። ሽታው ማር ማር ሲል ጉሮሮ ላይ ደረቅ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ጠጪውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ከባድ ነገር ከባድ መስሎ ቢታይ ሰው ይጠነቀቅ ነበር።

ቀሪውን የሚሠራው እርሾ ነው። የላገር እርሾ በቅዝቃዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይሠራል። የእነዚህ ገዳማት እርሾ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ደስ ይለዋል፤ ሲሠራም ኤስተርና ፌኖል የሚባሉ ውሁዶችን ያወጣል። አንዱ ኤስተር የሙዝ ሽታ አለው፤ አንዱ ፌኖል ደግሞ የቅርንፉድ። ቀማሹ «ቅርንፉድ ጨምረውበታል» ብሎ ሊምል ይችላል፤ ጋኑ ውስጥ ቅርንፉድ የሚባል አልገባም። ቅመም ጭራሽ የለበትም ማለት አይደለም፤ ሮሽፎር ጥቂት ድንብላል ያደርግበታል። ሲታሸግም በየጠርሙሱ ጥቂት ስኳርና እርሾ ይጨመርና ሞቅ ባለ ክፍል ይቀመጣል፤ ዳግመኛ ይፈላል፤ ጋዙም ከዚያ ይመጣል። ሥራውን የጨረሰው እርሾ ከታች ይዘቅጣል። ይህ አተላ ኋላ ለክርክር ይፈለጋል።

ጠርሙሱ ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ቀጥ ብሎ፣ በጨለማ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ብርቱ ስለሆነና እርሾው ስላልተለየው ለዓመታት አይበላሽም፤ እንዲያውም እየቆየ የሆፑ ምሬት ይለዝባል፣ የደረቀ ፍሬና የፖርት ወይን መሰል ጣዕም ያመጣል። አስቸጋሪው እርጅናው አይደለም፤ ቤተ ዘመዱ ነው። ለአምስት ዓመት ታስቦ ቁም ሣጥን ሥር የተደበቀ ጠርሙስ፣ ባለቤቱ ሥራ በዋለበት ቀን በመጣ እንግዳ ይገኛል። እንግዳው ፍሪዘር ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይቀብረዋል፤ በማንኪያ ጭራ ቆርኪውን ይነቅላል፤ ከጠርሙሱ ይጎነጫል፤ ቀጥሎም ጣፍጦኛል ብሎ ሌላ አለ ወይ ይላል። ለዚህ የተገኘ መፍትሔ የለም።

እንግዳው ካጠፋው ሁሉ የሚብሰው ፍሪዘሩ ነው። ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል፤ ምላስንም ያደነዝዛል። ለላገር ይህ ውለታ ነው፤ ለዚህ ቢራ ግን የተከፈለበትን ገንዘብ መልሶ መቅበር ነው። ተስማሚው ሙቀት ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ነው፤ ከፍሪጅ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ ማለት ነው። ቢራ ሲቀርብለት አስቀድሞ ጠርሙሱን በመዳፉ ጨብጦ «ይኼ ቀዝቃዛ ነው እንዴ?» ብሎ አሳላፊውን ማፋጠጥ የለመደ ሰው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ብዙ ይታገላል።

ብርጭቆው አፈ ሰፊ፣ ባለ እግር ዋንጫ ነው፤ ሽታው ከአረፋው ሥር ወጥቶ አፍንጫ የሚደርሰው በዚህ ስፋት ነው። ጠጅን የሚያስከብረው ብርሌ እዚህ አይሆንም፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም። ቤልጂየሞች እያንዳንዱ ቢራ የራሱ ብርጭቆ እንዲኖረው ይሻሉ፤ የቢራው ብርጭቆ ከተያዘ ሌላ ቢራ እንዲያዝ የሚመክር አሳላፊም አይጠፋም። ብርጭቆው ውድ ሲሆን ይሰረቃል። ጌንት ውስጥ «ዱለ ግሪት» በተባለ መጠጥ ቤት ከሊትር በላይ በሚይዘው የቤቱ ትልቅ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው አንድ እግር ጫማውን በመያዣነት ይሰጣል፤ ጫማው በቅርጫት ሆኖ ወደ ጣሪያ ይሰቀላል። የአንድ እግር ጫማ መያዣ ሁለት ጥቅም አለው፤ ብርጭቆውን ይጠብቃል፤ ጠጪውም ሳይሰናበት እንዳይወጣ ያደርጋል።

ሲቀዳ ብርጭቆው ያዘነብላል፤ ቢራው በጎኑ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ቀና ይደረግና ሁለት ጣት አረፋ ይያዝለታል። ጠርሙሱ ሥር አንድ ሳንቲሜትር ሲቀር ይቆማል፤ አተላው እዚያ ነው። አተላውን መጠጣት ወይስ መተው በሚለው ላይ ስምምነት የለም። ቫይታሚን አለው ብለው ለብቻው በትንሽ ብርጭቆ የሚጠጡት አሉ፤ ሆድ ያስጮኻል ብለው የሚተዉትም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ግን ሌሊቱን ከሰው ጋር የሚያሳልፉ ከሆነ ይበልጥ ልክ ናቸው።

ከዚያ ይሸተታል። በዚህ ደረጃ ማንኛውም ቀማሽ ባለቅኔ መሆን ያምረዋል፤ የደረቀ በለስ፣ ዘቢብ፣ ተምር፣ ካራሜል፣ ቸኮሌት፣ ሙዝ፣ ቅርንፉድ እያለ ገበያውን ይጠራል። አብዛኛው እውነት ነው፤ ውሁዶቹ በእርግጥ አሉ። አጠገቡ ተቀምጦ «እኔ የሚሸተኝ ቢራ ነው» የሚለው ጓደኛም አልተሳሳተም። የመጀመሪያው ጉንጭ አነስ ብሎ አፍ ውስጥ መዞር አለበት። በላገር ልማድ ብርጭቆውን አንሥቶ እስከ ግማሽ የጨለጠ ሰው ዐይኑ ይፈጣል፤ ደረቱ ይሞቃል፤ ለጥቂት ጊዜም ንግግሩን ያቋርጣል። ከሁለተኛው ጉንጭ በኋላ ጣፋጩ መጥቶ ይሄዳል፤ ምሬቱ ከኋላ ይደርሳል፤ አልኮሉ መጨረሻ ላይ ሙቀት ሆኖ ይወርዳል። ብርጭቆው ክፍሉን እየለመደ ሲሞቅ ቢራው ይለወጣል፤ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያልነበረ ቸኮሌት በሦስተኛው ይመጣል። በአሥር ደቂቃ የጨረሰ ሰው የጠጣው የቢራውን መግቢያ ብቻ ነው።

የዚህ ቢራ ዋና ጠላት ተራ በተራ መጋበዝ ነው። አራት ጓደኛሞች ተቀምጠው «ይኼኛው በእኔ ነው» ሲባባሉ፣ ማንም ሳይጋብዝ መነሣት ነውር ስለሆነ፣ ጠረጴዛው ላይ አራት ዙር ይወርዳል። በላገር ይህ ሞቅታ ነው። በሮሽፎር 10 ግን እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ላገር ያህል ጠጥተዋል፤ አራተኛው ጋባዥ የሂሳቡን ወረቀት የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ቤልጂየም ውስጥ ለአሽከርካሪ የተፈቀደው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ብቻ ስለሆነ የአንዷ ጠርሙስ ጠጪም ቁልፉን ለሌላ ሰው ቢሰጥ ያዋጣዋል። ባለ ክብር መውጫው ጋባዡንም ጠርሙሱንም አንድ ማድረግ ነው። አንድን ጠርሙስ ለሁለት መክፈል ስስት የሚመስላቸው አሉ፤ እነዚህ ሰዎች በማግስቱ ጠዋት ሐሳባቸውን ያሻሽላሉ።

ከምግብ ጋር ሲሆን አይብ ይመረጣል፤ ሺሜና ኦርቫልም ከቢራው ጋር አይብ ይሠራሉ። ጥቁር ቸኮሌትም ይስማማዋል። ከኢትዮጵያ ማዕድ የሚገጥመው እሳት የነካው ሥጋ ነው፤ ጠየም ያለ ጥብስ፣ ሚጥሚጣው በዛ ሳይል። ዶሮ ወጥ ግን ያጠራጥራል። ሽንኩርቱ ቁሌት ላይ ያገኘው ጣፋጭነት ከካንዲው ጋር ወንድም ነው፤ ነገር ግን አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ያቃጠለውም ሰው ብርጭቆውን እንደ ውሃ ያነሣል፤ ቀስ ማለት እዚያ ላይ ያበቃል። ዶሮው ለበዓሉ ምሳ፣ ቢራው ሰው ሁሉ ሄዶ ቤቱ ጸጥ ላለበት ማታ ቢለያዩ ሁለቱም ይከበራሉ።

በቡሽ የሚታሸግ 75 ሳንቲሊትር ጠርሙስም አለ። እርሱ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰው ነው፤ ብቻውን የከፈተው ሰው ከግማሹ በኋላ ምርጫ ይገጥመዋል። ክዳን ቢገጥምለትም በማግስቱ ጋዙ ይሞታል፤ ጣፋጩ ብቻውን ይቀራል፤ የሚጠጣ አይሆንም። ፍሌሚሾች ለዚህ ድስት አላቸው። የበሬ ሥጋ ተቆራርጦ በቅቤ ይጠበሳል፤ ብዙ ሽንኩርት እስኪቀላ ይቁላላል፤ ጥቁሩ ቢራ ይፈስበታል፤ ሰናፍጭ የተቀባ ቁራሽ ዳቦ ከላይ ይደረግና በለዘበ እሳት ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀመጣል። ዳቦው ሟሙቶ መረቁን ያወፍረዋል። ሽንኩርት ሲቁላላ ትዕግሥት የለመደ እጅ ለዚህ ወጥ አዲስ አይሆንም። ለድስቱ ተብሎ 11.3ቱን ቢራ መግዛት ግን ብክነት ነው፤ የዚያው አገር ወጥ ሠሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚጨምሩት ቀለል ያለውን ቡናማ ነው፤ ብርቱው ድስት ውስጥ የሚገባው ጨራሽ ያጣ ዕለት ብቻ ነው።